ብጉርና የወር አበባ መዛባት፦ የአንድ ሕመም ሁለት ምልክቶች

(ለማኅበረሰብ ጤና በጎ ፈቃደኞች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በአደባባይ እምብዛም የማይነገር ነው። አንዲት ወጣት ፊቷ ላይ ብጉር ሲወጣባት ሁሉም ያያል፤ ሁሉም ይመክራል። የወር አበባዋ ለሦስት ወር ሲጠፋ ግን ከእርሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ለእናቷ እንኳ እንዳትነግር በሌላ ነገር እንዳትጠረጠር ትሰጋለች። ስለዚህ ለብጉሩ ቅባት ሲገዛለት፣ የወር አበባው መዛባት በዝምታ ይታለፋል። ሁለቱ ግን የአንድ ሕመም ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህ ሕመም ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1935 ስታይንና ሌቨንታል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች በጽሑፍ ገለጹት። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች ከመቶ ዐሥር ያህሉ አለባቸው፤ ከእነዚህም እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም።

የሴት ሰውነት አንድሮጅን የተባለውን ሆርሞን በጥቂቱ ያመነጫል። በዚህ ሕመም ግን መጠኑ ይጨምራል። ሲጨምርም የቆዳ ወዝ ይበዛል፤ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ በተለይ በአገጭና በመንጋጋ አካባቢ ብጉር ይወጣል። በአገጭ ላይ ጠጕር የሚበቅልባቸውም አሉ። ይኸው መዛባት እንቁላል በጊዜው እንዳይወጣ ስለሚያግድ የወር አበባ ይዘገያል። ኢንሱሊን በደም ውስጥ ሲበዛ ደግሞ አንድሮጅንን ይበልጥ ያበዛዋል። እንግዲህ ምንጩ ከውስጥ ነውና ፊትን ደጋግሞ መታጠብ ብቻውን አያድነውም፤ የንጽሕና ጉድለትም አይደለም።

ይህ ሲባል ብጉር ያለባት ሁሉ ታማለች ማለት አይደለም። የወር አበባ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መዛባቱ የተለመደ ነው። በአዋቂ ሴት ግን ከአንዱ መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ ከ21 እስከ 35 ቀን ይሆናል። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ከጳጉሜን በቀር መቁጠሩ ቀላል ነው፤ በሚካኤል ዕለት የጀመረ የወር አበባ በሚቀጥለው ወር እስከ ገብርኤል ካልመጣ 37 ቀን ሆኖታል። እንዲህ ያለው መዘግየት ሲደጋገም፣ ወይም ለሦስት ወር ሲጠፋ፣ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። ሐኪሙም እርግዝናን፣ የታይሮይድ ሕመምንና ሌሎች መንስኤዎችን ይለያል።

ችላ ከተባለ ጉዳቱ ከፊት ያልፋል። የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን ይወፍርና ብዙ ደም ሊፈስስ፣ ከዓመታት በኋላም ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። ለስኳር በሽታ የመጋለጥ ዕድልም ይጨምራል። ደሟ ለሳምንታት የማይቆም እኅት ከደጀ ሰላም ሳታልፍ ስትቀር፣ የሰው ዓይን ፈርታ ከነጭራሹ ከቤት ትውላለች። እንዲህ ያለችውን «ታገሺ» ብሎ መተው አይገባም፤ የሚረዝም ደም ሕክምና የሚያሻው ሕመም ነውና። መውለድ የዘገየባትንም መካን ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። ይህ ሕመም ካለባቸው ብዙዎቹ በራሳቸው ወይም በሕክምና ረዳትነት ይወልዳሉ።

ሕክምናው ትዕግሥት ይጠይቃል። ክብደቷ የበዛ ሴት ከክብደቷ ከ5 እስከ 10 በመቶ ብትቀንስ የወር አበባዋ ሊስተካከል ይችላል። ሐኪም እንደ ሁኔታው የሆርሞን እንክብል ወይም ሜትፎርሚን ያዝዛል። የብጉር መድኃኒትም ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ስቴሮይድ ያለበት የማቅያ ቅባት ግን ለጊዜው ፊትን ያሳመረ መስሎ ብጉሩን ያብሳል። ለብጉር ከሚሰጡት መድኃኒቶች ፅንስን የሚጎዱ ስላሉ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሌላ ሰው ተቀብሎ መውሰድ አደገኛ ነው።

እናንተ በየቤቱ የምትገቡ እኅቶችና ወንድሞች ሆይ፤ አንዲት ወጣት ስለ ብጉሯ ስታማክራችሁ፣ ሰው በሌለበት፣ በእኅት አንደበት ስለ ወር አበባዋም ትጠየቅ። ቀኑን ጽፋ እንድትይዝ ምከሯት፤ ጤና ጣቢያ ስትሄድም ሁለቱን በአንድነት እንድትናገር አበረታቷት። ሐኪሙ ብጉሩን አይቶ ቅባት ብቻ ሰጥቶ እንዳይሸኛት የሚያደርገው ይህ ነው።