ጉደር በአምቦ፦ ሚጥሚጣ የበዛበት የፍም ጥብስ ከወይን ጋር ስለሚስማማበት መንገድ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ የፋኩልቲ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)



ንግግሬን በአንድ የፈተና ወረቀት ልጀምር። ከዓመታት በፊት ለሆቴል ሙያ ሠልጣኞች የመጠጥ አቀራረብ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ «በአዋዜና በሚጥሚጣ ለሚቀርብ ዝልዝል ጥብስ የሚስማማውን ወይን ጥቀስ፤ ምክንያትህንም አስረዳ» የሚል ጥያቄ አውጥቼ ነበር። የምጠብቀው መልስ በመማሪያ መጽሐፉ የሰፈረው ነው፤ በፍም የተጠበሰ ቀይ ሥጋ ታኒኑ የጠነከረ ቀይ ወይን ይፈልጋል። የጊንጪ ልጅ የሆነ አንድ ተማሪ ግን «ጉደር፣ በአምቦ ውሃ ተበርዞ፤ ምክንያቱም እንደዚያ ሲሆን አፍ አያቃጥልም» ብሎ ጻፈ። ዜሮ ሰጠሁት። በዚህም አላበቃሁም፤ መልሱን በክፍሉ ፊት አንብቤ ጓደኞቹን አሳቅሁበት። ዛሬ ላስረዳችሁ የምሞክረው ያ ተማሪ ለምን ትክክል፣ እኔ ደግሞ ለምን ስሕተተኛ እንደነበርን ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ገበታውንም ያውቀዋል። አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ አምቦ የደረሰ መንገደኛ ሥጋ ቤት ገብቶ ቁርጡን ወይም ጥብሱን ሲያዝዝ፣ ሚጥሚጣው፣ አዋዜውና ሰናፍጩ ሳይጠየቁ ይከተላሉ። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ የኖረው የአምቦ ማዕድን ውሃም እዚያው ነው። ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ምዕራብ ላይ ደግሞ ጉደር አለች፤ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ታዋቂ ቀይ ወይን ስሙን ያገኘው ከዚህችው ጉደር ነው። እንግዲህ የተማሪዬ መልስ የሁለት ጎረቤት ከተሞችን ስም በአንድ ብርጭቆ ያገናኘ ነበር፤ እኔ ግን ይህን እንኳ ልብ አላልኩም።

የመማሪያ መጽሐፉ ደንብ ሐሰት አይደለም። የተወለደው ግን ሥጋ በጨውና በቁንዶ በርበሬ ብቻ በሚቀመምበት የአውሮፓ ገበታ ላይ ነው። የቀይ ወይን ታኒን ምራቃችንን ከሚያለሰልሱት ፕሮቲኖች ጋር ስለሚጣበቅ አፍን ያደርቃል፤ የሥጋው ፕሮቲንና ስብ በመካከል ሲገባ ግን ጥንካሬው ይለዝባል። በዚያ ገበታ ላይ ሁለቱ ይጠቃቀማሉ። በእኛ ገበታ ላይ ሦስተኛ እንግዳ አለ፤ መጽሐፉም ስለ እርሱ አንድም ቃል አልተናገረም።

ይህ እንግዳ ካፕሳይሲን ይባላል። የሚጥሚጣ ማቃጠል ጣዕም ሳይሆን የሕመም ስሜት ነው። ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳሳዩት፣ ካፕሳይሲንን የሚቀበለው ቲአርፒቪ1 የተባለ የነርቭ በር 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚደርስ ሙቀት ሲነካውም ይከፈታል። ጁሊየስን እ.ኤ.አ. በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። አንጎላችን ሚጥሚጣን ከእሳት የማይለየው ሁለቱም በአንድ በር ስለሚገቡ ነው። ለርእሳችን ከሁሉ የሚበልጠው ግን እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ሌላ ጥናት ነው፤ በአልኮል ፊት የዚህ በር መክፈቻ ሙቀት ከ42 ወደ 34 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። የአፋችን ውስጥ ሙቀት ከዚህ ይበልጣል። በሚጥሚጣ በተቃጠለ አፍ ላይ ጠንካራ ወይን መጨመር፣ በፍም ላይ ማራገብ ማለት ነው። ታኒኑም የቀረውን የምራቅ ልስላሴ ይወስዳል። እኔ «ትክክለኛ» ብዬ ያስተማርኩት ጥምረት፣ ለዚህ ጥብስ ከሚመረጡት ሁሉ የከፋው ነበር።

አሁን ወደ ተማሪው ብርጭቆ እንመለስ። 12 ከመቶ አልኮል ያለው ወይን በእኩል መጠን አምቦ ሲበረዝ ወደ 6 ከመቶ ይወርዳል፤ ታኒኑም በግማሽ ይቀንሳል። የአምቦ ውሃ ቢካርቦኔት የበዛበት ስለሆነ የወይኑን ኮምጣጣነት ያለዝባል። ለዚህ ምስክሩ ቀለሙ ነው፤ የቀይ ወይን ማቅለሚያ አሲድ ሲቀንስበት ከቀይነት ወደ ሰማያዊነት ያዘነብላልና፣ የተበረዘው ጉደር በእርግጥም «ወይን ጠጅ» በምንለው ቀለም አጠገብ ይደርሳል። በመጨረሻም አምቦው ከማቀዝቀዣ የወጣ ከሆነ ቅዝቃዜው ያን የነርቭ በር ለጊዜው ያረጋጋዋል።

ይሁንና አምቦን ብቻውን «እሳት አጥፊ» አድርጎ ማወደስ ልክ አይደለም። ካፕሳይሲን በስብና በአልኮል እንጂ በውሃ አይሟሟም። ጋዙ ራሱም ይቆነጥጣል፤ ቲአርፒኤ1 የተባለውን ሌላ በር ያነቃቃል፤ ሰናፍጭ አፍንጫችንን የሚያስለቅሰውም በዚሁ በር በኩል ነው። ሰናፍጭ ያብዛበት ሰው አምቦ ቢጨምርበት እፎይታ አያገኝም። የአምቦ ጥቅም ወይኑን ማለዘቡና የቅቤውን ቅባት ከአፍ ማጠቡ ነው። ቃጠሎውን ለማጥፋት አይብ ይሻላል።

ጉደርን በኮካ የሚጠጡም አሉ፤ በከተሞቻችን ብዙ ናቸው። እኔ በበኩሌ አልወደውም። ኬሚስትሪው ግን ከእኔ ጋር አይደለም፤ ስኳር የቃጠሎን ስሜት ስለሚቀንስ ኮካ አምቦ የማይሠራውን ሥራ ይሠራል። ስኳሩን ከወይኑ ውስጥ ማግኘት ለሚሻ ጣፋጩ አክሱማይት፣ ወይም በዝዋይ የሚመረተው በመጠኑ የጣፈጠ ቀይ አካሲያ አለለት።

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አለመሆኑን ለማየት ወደ ካሪቢያን እንሻገር፤ መሻገራችንም ያለ ምክንያት አይደለም። በርበሬም ሆነ ሚጥሚጣ የመጡት ከአሜሪካ ምድር ሲሆን፣ ኮሎምቦስም ቃሪያን መጀመሪያ ያገኘው በእነዚያ ደሴቶች ነው። ጃማይካውያን ጀርክ የሚሉት ጥብስ ስኮች ቦኔት በተባለ እጅግ የሚያቃጥል ቃሪያ፣ በፒሜንቶ ፍሬና በጦስኝ ዘመድ ቅጠል ታሽቶ፣ በፒሜንቶ እንጨት ጭስና ፍም ላይ ይበስላል። ከባርነት አምልጠው ተራራ የገቡት ማሩኖች ያቆዩት ሙያ ነው። አብሮት የሚቀርበው ቀዝቃዛ ቢራ ወይም በሎሚ፣ በስኳርና በውሃ የለዘበ ሮም ነው። የወይን ባለሙያዎች ለጀርክ ምን ይመክራሉ? በአብዛኛው በመጠኑ የጣፈጠ የጀርመን ሪስሊንግ፤ ከነዚህም አልኮላቸው ከ8 እስከ 10 ከመቶ የሆነ ብዙ አሉ፤ የሚጠጣውም ቀዝቅዞ ነው። አልኮሉ ያነሰ፣ ታኒን የሌለው፣ ቀዝቃዛ። ከጊንጪው ልጅ መልስ የሚለየው በስኳሩና በዋጋው ነው።

«ወይንን መበረዝ ነውር ነው» የሚለኝ ባልደረባ እዚህ አዳራሽ ውስጥም አይጠፋም። የጥንት ግሪኮች ወይንን ሳይበርዙ መጠጣትን የአረመኔ ልማድ ያደርጉት ነበር፤ ሃንጋሪዎች እስከ ዛሬ በሶዳ ይጠጡታል። በአማርኛ «የተበረዘ» ስንል ንጽሕናውን ያጣ ማለታችን እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ከዚያው ግሥ የወጣው ብርዝ በክብር እንግዳ ፊት የሚቀርብ መጠጥ ነው። እንዲያውም በምዕራብ ሸዋ ከተሞች አልኮል የማይጠጣው ሕዝብ ጥቂት ስላልሆነ፣ ለሚጥሚጣ ጥብስ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ብርዝን ነው፤ ስኳር አለው፣ አልኮል የለውም፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይበልጥ ይስማማል። ጠጅ ከቤት ቤት ስለሚለያይ በጅምላ መምከር ይከብዳል፤ ጣፋጩና ለጋው ይረዳል፣ የከረረው እንደ ጠንካራ ወይን ያቃጥላል። አዋዜውን ራሱን በጠጅ የሚለውሱ እናቶችም አሉና፣ ምግቡንና መጠጡን ማስማማት የሚጀመረው ብርጭቆ ከመቅረቡ በፊት ነው።

ለተማሪዎች የምተወው ሥራ አለ። ጉደርና አምቦ በስንት እጅ ቢቀላቀሉ ቃጠሎው በጣም ይቀንሳል? ሚጥሚጣውን መዝኖ፣ የሙቀቱን መጠን ወስኖ፣ ቀማሾቹን ብርጭቆው ምን እንደያዘ ሳይነግሩ መለካት ይቻላል። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ርእስ ነው፤ ዕቃውም ውድ አይደለም።

ያ የፈተና ወረቀት እስካሁን በእጄ ይገኛል። ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ አውጥቼ እንደ ገና አረምኩት፤ ከ10 ነጥብ 8 ሰጠሁት። ሁለቱን የቀነስኩበት አምቦው መቀዝቀዝ እንዳለበት ስላልጻፈ ነው።