ምድጃውን ደጅ አውጡት

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ናት፤ ብርዷ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሲጠና፣ ቡና የተፈላበትን የከሰል ምድጃ መኝታ ክፍል አስገብቶ፣ በሩን ጥርቅም አድርጎ የሚተኛ ብዙ ነው። «ከሰሉ ቀልቷል፣ ጭሱ አልቋል» እንላለን። የሚገድለው ግን የሚታየው ጭስ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደማችንን ከኦክስጅን 200 እጥፍ ያህል አጥብቆ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ መዛል። የተኛ ሰው ይህንንም አይሰማም፤ እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። የታፈነ ሰው ካለ በሩን ከፍታችሁ ፈጥናችሁ ወደ ውጭ አውጡት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ልጆችም በቃላቸው ይያዙት። ዛሬ ማታ፣ እባካችሁ፣ ብርድ ልብስ ደርቡ፤ ምድጃውን ግን ደጅ አሳድሩት።