ስሜቱ ቶሎ የሚነካ ልጅ

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። በክበባችሁ የተለመደው ርዕስ ኤች አይ ቪ ነው፤ እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ሲጨንቃቸው ራሳቸውን ስለሚጎዱ ልጆች ነው።

«ትኩረት ፈልጋ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ኧረ ተዉ! አብዛኞቹ እኮ የሚደብቁት ነገር ነው። በአእምሮ ሕክምና ላይ ባሉ ወጣቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ይበልጥ የሚጋለጡት ስሜታቸው ቶሎ የሚነካ፣ ሲከፋቸው ሳያስቡ የሚወስኑና ራሳቸውን አብዝተው የሚወቅሱ ናቸው። ታዲያ እንዲህ ዓይነት ፀባይ ያለው ልጅ አበቃለት ማለት ነው?

እስቲ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1961 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በሃርትፎርድ ከተማ አንዲት የ17 ዓመት ልጅ የአእምሮ ሆስፒታል ገባች። ራሷን ደጋግማ ትጎዳ ነበር። ሐኪሞቹ «ስኪዞፍሬኒያ ነው» ብለው ከባድ መድኃኒት ሰጧት፤ ለብቻዋ ክፍል ውስጥም አቆዩዋት። አልተሻላትም። የወጣችው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይታ ነው። ይህች ልጅ ማርሻ ሊነሃን ትባላለች። ኋላ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ሆነች፤ እንግዲህ አንቱ ልበላቸው።

እሳቸው እንደሚያስረዱት፣ አንዳንድ ሰው ከተፈጥሮው ስሜቱ ስስ ነው። ነገሩ የሚብሰው ይህ ልጅ «አታካብድ!»፣ «ይሄ ደግሞ ምን ያስለቅሳል?» እየተባለ ሲያድግ ነው። ስሜቱን ማመን ያቅተዋል፤ ማብረድም አልተማረም። ስለዚህ ባዘጋጁት ሕክምና ይህንኑ ያስተምራሉ፦ የተሰማህን በስሙ መጥራት፣ ማዕበሉ እስኪያልፍ ራስን ሳይጎዱ መቆየት፣ እርዳታ መጠየቅ። ኖርዌይ፣ ኦስሎ ውስጥ ራሳቸውን በሚጎዱ 77 ወጣቶች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2014 ወጣ። ይህን ሕክምና ለ19 ሳምንታት የተከታተሉት ሌላ ሕክምና ካገኙት ይበልጥ ራሳቸውን መጉዳት ቀንሰዋል። ስሜቱ ስስ የሆነ ልጅ እኮ አላበቃለትም! ፕሮፌሰሯም የራሳቸውን ታሪክ በ2011 በአደባባይ ተናገሩ፤ ያውም እዚያው ተኝተው በታከሙበት ሆስፒታል ቆመው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ጓደኛችሁ እንዲህ ያለ ነገር አዋይታችሁ «ለማንም እንዳትናገሩ» ብትላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? አትቆጧት፣ አትስበኩላት፤ አዳምጧት። ምሥጢሩን ግን ብቻችሁን አትሸከሙት። የምታምኑት መምህር፣ ወላጅ ወይም ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ ጋ አብራችኋት ሂዱ። ብትቀየማችሁም ይሁን፤ ቅያሜ ይበርዳል።

ከዚህ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እቆያለሁ። ጥያቄ ያለው ይምጣ፤ ብቻውን መምጣት የሚፈልግም ይምጣ።