የጋራ ሀብትና የአደራ ጥበቃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የሕዝብ ሀብት ወደ ግል ሲዛወር ጥንቃቄ ከጎደለ ምን እንደሚከተል ከሩሲያ ታሪክ እንማራለን። እ.ኤ.አ. በ1992 መንግሥት ለእያንዳንዱ ዜጋ 10,000 ሩብል የተጻፈበት የድርሻ ኩፖን አደለ። የዋጋ ንረት ገንዘቡን ስለ በላው ብዙዎች ኩፖኑን ለዕለት ጉርስ በርካሽ ሸጡት። በ1995 ደግሞ መንግሥት የታላላቅ ኩባንያዎችን አክሲዮን አስይዞ ከባንኮች ተበደረ። ዕዳው ሳይከፈል ቀረና አክሲዮኑ በአበዳሪዎች እጅ ገባ። የኖሪልስክ ኒኬል 38 በመቶ ድርሻ በ170 ሚሊዮን ዶላር ሲያዝ፣ ጨረታውን ያዘጋጀው ባንክ ራሱ አሸናፊ ነበር። ጥቂቶች ከበሩ፤ ባለቤት የተባለው ሕዝብ ግን ተመልካች ሆነ።

እኛስ? አጥቢያዎቻችን ሱቅና ሕንፃ ያከራያሉ፤ መሬትም ያለማሉ። ስለዚህ ተጫራች የሆነ ሰው፣ ዘመዱም ቢሆን፣ በጨረታ ኮሚቴ አይቀመጥ። ዋጋው አስቀድሞ በገለልተኛ ባለሙያ ይገመት። ውሉም በምእመናን ፊት ይነበብ። ባለጠጋ ሲለግስ እንመርቀዋለን፤ ልግስናው ግን የመጠየቅ ድፍረታችንን አይግዛ። የተረከብነው የመበለቲቱን ሳንቲም ጭምር ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።