በኪሎ የሚመዘን የእጅ ጥበብ፦ በመጓጓዣ ላይ ስለሚጠፉ የእጅ ሥራዎችና ስለ ካሳቸው

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



 የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

ርእሴ ከሠሪው እጅ ወጥቶ ወደ ባለቤቱ ሳይደርስ በመንገድ የጠፋ ወይም የተሰረቀ የእጅ ሥራ ነው። ሁለት ጥያቄዎችን አነሣለሁ። አንድ ሰው ወራት ወይም ዓመታት የደከመበት ሥራ በመንገድ ሲቀር የጠፋው በትክክል ምንድን ነው? ሕግስ ያንን ጥፋት በምን ይለካል? የሁለተኛው ጥያቄ መልስ አጭር ነው፤ በአብዛኛው በክብደት ይለካል። የመጀመሪያው ግን ረዘም ያለ ምርመራ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ከአንድ ታሪካዊ ጉዳይ ልነሣ።

በሀያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ሳንጎርስኪ እና ሰትክሊፍ የሚባሉ ሁለት ደጓሾች የመሠረቱት የመጻሕፍት ድጉሰት ቤት ነበረ። በ1909 አንድ የመጻሕፍት ነጋዴ ቤት የፋርሱን ባለቅኔ የዑመር ኻያምን ሩባያት የእንግሊዝኛ ትርጉም ዋጋ ሳይገደብ እንዲደጉሱ አዘዛቸው። ፍራንሲስ ሳንጎርስኪ ንድፉን አወጣ፤ ሥራው ሁለት ዓመት ያህል ወሰደ። በፊት ለፊቱ ሽፋን ላይ ሦስት የወርቅ ጣዎሶች ነበሩ፤ በድጉሰቱ ላይ ከአንድ ሺህ በላይ የከበሩ ድንጋዮችና በሺዎች የሚቆጠሩ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው የቆዳ ቁራጮች ተገጥመውበታል። መጽሐፉ «ታላቁ ዑመር» የሚል ስም አገኘ።

ይህ መጽሐፍ የመጓጓዣ ችግር የገጠመው ገና ከመጥፋቱ በፊት ነው። ለሽያጭ ወደ ኒው ዮርክ ተልኮ ሳለ በጉምሩክ ቀረጥ ምክንያት አለመግባባት ተነሣና ወደ ለንደን ተመለሰ። በማርች 1912 በጨረታ ሲቀርብ የተሸጠው በ405 ፓውንድ ብቻ ነበር፤ ይህም ሻጮቹ ካሰቡት ዋጋ ከግማሽ በታች ነው። ገዢው አሜሪካ ነዋሪ የሆነ የመጻሕፍት ነጋዴ ስለነበረ መጽሐፉ ዳግመኛ ባሕር መሻገር ነበረበት። በዚያ ወቅት የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች አድማ የመርከቦችን ጉዞ አውኮ ነበር። በመጨረሻ መጽሐፉ የተጫነበት መርከብ ታይታኒክ ነበረ። ኤፕሪል 15 ቀን 1912 ከመርከቡ ጋር ወደ አትላንቲክ ወለል ወረደ። ሳንጎርስኪም በዚያው ዓመት ጁላይ 1 ቀን በባሕር ሰጥሞ ሞተ።

አንድ ሺህ አምስት መቶ ያህል ሰው ባለቀበት አደጋ ስለ አንድ መጽሐፍ መናገር ያሳፍራል የሚል ቢኖር ቅሬታውን እረዳለሁ። ዕቃና ነፍስ አይወዳደሩም። ነገር ግን የታይታኒክ ክርክር በፍርድ ቤት የተካሄደበት መንገድ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሎጂክ ይከተል ነበርና ልንመለከተው ይገባል። በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የቀረበው የካሳ ጥያቄ ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ለአንድ ዕቃ የተጠየቀው ትልቁ ካሳ የፈረንሳዊው ሠዓሊ የብሎንዴል ሥዕል ነው፤ ባለቤቱ 100,000 ዶላር ጠየቀበት። በ1914 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመርከቡ ባለቤቶች በአሜሪካ ሕግ መሠረት ኃላፊነታቸውን እንዲወስኑ ፈቀደላቸው። በዚያ ሕግ ስሌት መሠረት የኃላፊነቱ ጣሪያ ከአደጋው የተረፈው ንብረት፣ ማለትም በዋነኛነት የነፍስ አድን ጀልባዎቹ፣ እና የጉዞው ገቢ ነው፤ ይህም ከ100,000 ዶላር በታች ነበር። በመጨረሻ ጉዳዩ በ1916 በ664,000 ዶላር ስምምነት ተቋጨ።

እንግዲህ ካሳው የተሰላው ከጠፋው ነገር ዋጋ ተነሥቶ አይደለም። ተነሣሹ ለአጓጓዡ የቀረለት ነገር ነበር። ይህ የባሕር ሕግ አስተሳሰብ መልኩን ለውጦ ዛሬም በአየር ላይ አብሮን ይበራል።

ዓለም አቀፍ የአየር መጓጓዣን በተመለከተ ዛሬ ዋናው ሕግ በ1999 የወጣው የሞንትሪያል ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም ተዋዋይ አገር ናት። በስምምነቱ መሠረት ጭነት ቢጠፋ፣ ቢጎድል ወይም ቢበላሽ አጓጓዡ ኃላፊ ነው፤ ላኪው የአጓጓዡን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም። ይህ ለላኪው ትልቅ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ ካሳው ጣሪያ አለው፤ ጣሪያውም የሚሰላው በኪሎ ነው። መለኪያው ኤስ.ዲ.አር. በመባል የሚታወቀው የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ አሐድ ሲሆን አንዱ በግምት ከአንድ የአሜሪካ ዶላር ከሠላሳ ሳንቲም በላይ ያወጣል። ስምምነቱ ሲወጣ ጣሪያው በኪሎ 17 ነበር፤ በ2009 ወደ 19፣ በ2019 ወደ 22፣ በ2024 መጨረሻ ደግሞ ወደ 26 ከፍ ብሏል።

ይህን ወደ እኛ ሥራ እናምጣው። ጥበቡ በእጅ የተሠራ ሙሉ ቀሚስ ከነነጠላው ሁለት ኪሎ ይመዝናል እንበል። ጥጡን በእንዝርት የፈተሉት ሴቶች አሉ። ድሩን ዘርግቶ፣ መወርወሪያውን እያቀበለ፣ ጥለቱን ክር በክር እየቆጠረ ያስገባ ሸማኔ አለ። የጠለፈና የሰፋም አለ። ይህ ሁሉ ድካም ተጠቅልሎ በአየር ጭነት ሲላክና ሲጠፋ ሕጉ ሁለትን በ26 ያባዛል፤ 52፣ ወደ 70 የአሜሪካ ዶላር ገደማ። ሁለት ኪሎ የፋብሪካ ካልሲ ቢጠፋም ጣሪያው ያው ነው። እንዲያውም የእጅ ሥራ ረቂቅነቱ በጨመረ ቁጥር ክብደቱ ስለሚቀንስ፣ ሸማኔው ይበልጥ በተጠበበ መጠን የካሳው ጣሪያ ዝቅ ይላል።

ይህ የወረቀት ስሌት ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ዘመዴ ውጭ አገር ለምትዳር ልጇ ከሽሮ ሜዳ ያሠራችውን የሠርግ ልብስ በጭነት ላከች። ጥቅሉ መድረሻው ከተማ ባለ መጋዘን መግባቱ ተመዝግቧል፤ ከዚያ መውጣቱ ግን የትም አልተመዘገበም። ከብዙ ደብዳቤ በኋላ የተሰጣት መልስ ክብደቱን በወቅቱ መጠን ያባዛ ነበር። ዕቃውን ስታስረክብ ዋጋውን ልታስመዘግብ እንደምትችል የነገራት ሰው አልነበረም። ሌላ እናሠራ ብላ ወደ ሽማግሌው ሸማኔ ስንሄድ እሳቸው ያሉን ይህን ነው፦ «ፎቶው አላችሁ? እኔ ጥለቱን በወረቀት አላስቀረሁትም። እጄ የሚያስታውሰውን ያህል እሞክራለሁ እንጂ ያንኑ እሠራለሁ አልልም።» ወደዚህ አነጋገር ኋላ እመለሳለሁ።

ለሕጉም ፍትሐዊ እንሁን። ጣሪያው የተበጀው ያለ ምክንያት አይደለም። አጓጓዡ ክፍያ የሚቀበለው በኪሎ ነው፤ በታሸገው ሣጥን ውስጥ ያለውን አያይም። ለማንኛውም ዕቃ ሙሉ ዋጋ ይክፈል ቢባል የጌጣጌጡን አደጋ ቡና የሚልከው ነጋዴ በጭነት ዋጋው ይሸከመው ነበር። ስለዚህ ሕጉ አንድ በር ክፍት አድርጓል። ላኪው ጥቅሉን ሲያስረክብ ልዩ የዋጋ መግለጫ ከሰጠና ተጨማሪ ክፍያ ከተጠየቀ ከከፈለ፣ ጣሪያው ከኪሎው ወጥቶ የተገለጸው ዋጋ ይሆናል። ነገር ግን በሩ የሚጠቅመው መኖሩን ለሚያውቅ ብቻ ነው። በየዓመቱ በብዛት የሚልክ ኩባንያ ያውቀዋል፤ አንዴ የምትልክ እናት አታውቀውም።

ስርቆትን በተመለከተ ደግሞ አብዛኛው ሰው ሲሰማ የሚደነግጥበት ነጥብ አለ። በ1929 በወጣው የዋርሶ ስምምነት አጓጓዡ ሆን ብሎ ካጠፋ በጣሪያው መጠለል አይችልም ነበር። በሞንትሪያል ስምምነት ግን ይህ ልዩ ሁኔታ ለመንገደኛ ሻንጣ ተጠብቆ ለጭነት ቀርቷል። ይኸውም ጥቅሉን የሰረቀው የአጓጓዡ የራሱ ሠራተኛ መሆኑ ቢረጋገጥ እንኳ፣ ዋጋው አስቀድሞ ካልተገለጸ፣ የካሳው ጣሪያ አይነሣም። ሰራቂው በወንጀል ይጠየቃል፤ የአጓጓዡ ዕዳ ግን በኪሎ እንደተወሰነ ይቆያል።

ያው ቀሚስ በመንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ቢጓዝ ነገሩ ይለወጣል። ለሻንጣ ጣሪያው የሚቆጠረው በኪሎ ሳይሆን በመንገደኛ ነው፤ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮም ለአንድ መንገደኛ 1,519 ኤስ.ዲ.አር. ነው። ወገኖቻችን ከዋሽንግተን እስከ ዱባይ ዕቃን «በሰው እጅ» መላክን የሚመርጡት በልማድና በመተማመን ነው፤ ምርጫቸው ግን ከሕጉም አንጻር ያለ ምክንያት አይደለም። ፖስታን በተመለከተ፣ አገራችን ከ1908 ጀምሮ አባል የሆነችበት የዓለም ፖስታ ኅብረት የራሱ ሥርዓት አለው። በፖስታ የተላከ ዕቃ በአውሮፕላን ላይ ቢጠፋ አየር መንገዱ የሚጠየቀው በፖስታ አስተዳደሩ እንጂ በላኪው አይደለም፤ ላኪው አቤቱታውን የሚያቀርበው ለፖስታ ቤቱ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፤ የጠፋው ምንድን ነው? የታላቁ ዑመር ታሪክ በ1912 አላበቃም። የሰትክሊፍ የእኅት ወይም የወንድም ልጅ የሆነው ስታንሊ ብሬይ በ1930ዎቹ የሳንጎርስኪን ንድፎች መሠረት አድርጎ ሁለተኛውን ቅጂ ሠራ። እርሱም በጦርነቱ ጊዜ ለንደን ስትደበደብ በተቀመጠበት ቦታ ጠፋ። ብሬይ ተስፋ አልቆረጠም፤ በሽምግልናው ሦስተኛውን ጀምሮ በ1989 ፈጸመው። ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል።

ሦስተኛው መጽሐፍ የመጀመሪያው አይደለም፤ የሳንጎርስኪ እጅ አላረፈበትም። ሆኖም ዕቃው ሁለት ጊዜ ሲጠፋ ጥበቡ ያልጠፋው ንድፉ በወረቀት ስለቀረና ሙያውን የተማረ ሰው ስለነበረ ነው። ይህን ከሽማግሌው ሸማኔ ቃል ጋር አስተያዩት። በእኛ ዘንድ ንድፉ ያለው በሠሪው እጅና በአእምሮው ነው። አንድ ቀሚስ በመጋዘን ሲሰረቅ የሚሄደው ልብሱ ብቻ ሳይሆን የዚያ ጥለት ብቸኛ መዝገብም ነው። ልብሱ ራሱ መዝገቡ ነበርና።

ከዚህ ተነሥቼ ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ለላኪዎች ነው። ዕቃው ከመታሸጉ በፊት ከነጥለቱ በቅርብ ፎቶ ይነሣ፤ የታሸገው ጥቅል ክብደት በሰነዱ ላይ ይመዝገብ፤ ከሠሪው የዋጋ ደረሰኝ ይያዝ፤ ዋጋው በጭነት ሰነዱ ይገለጽ ወይም መድን ይገባለት። የዋጋ ማስረጃ የሌለው መግለጫ ለክርክር ይጋለጣል። በሣጥኑ ላይ ግን ዋጋውንም ይዘቱንም በጉልህ አትጻፉ፤ ዋጋ ለሰነድ እንጂ ለመንገደኛ ዓይን አይነገርም። ጊዜም አለው፤ የተበላሸ ጭነት አቤቱታ በጽሑፍ መቅረብ ያለበት በ14 ቀን ውስጥ ሲሆን ክስ የሚመሠረተውም በሁለት ዓመት ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ለሕግ ተማሪዎቻችን ነው። በዋጋ መግለጫ ዙሪያ ጥያቄው ምርጫው በሕግ መኖሩ ብቻ መሆን የለበትም። ምርጫው ለላኪው በሚገባው ቋንቋ፣ ዕቃውን በሚያስረክብበት ጠረጴዛ ላይ መነገር አለበት የሚል ግዴታ በአጓጓዡ ላይ እንዴት ሊጣል ይችላል? ይህ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ፣ ለብዙ ቤተሰብም የሚጠቅም ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው ለዩኒቨርሲቲው ነው። የዶርዜን ሸማኔ፣ የሐረርን ስፌት፣ የብር አንጥረኛውን ሥራ ንድፍ ከሠሪዎቹ ጋር ተቀምጦ፣ በስማቸውና በፈቃዳቸው መመዝገብ የእኛ ድርሻ ነው። ይህ መዝገብ ሠሪው ለመድን ዋጋ ማስረጃ፣ ለተተኪው ደግሞ መማሪያ ይሆነዋል። ከአሥራ አምስት ተማሪዎች ጋር አንድ የሽመና ሠፈር ብንጀምር ወጪው ካሜራ፣ ደብተርና ትዕግሥት ነው።

መንገድ ምንጊዜም አደጋ አለው፤ ሌባም፣ ማዕበልም፣ ቸልተኛ እጅም አይጠፋም። ሕጉም በቅርቡ ሚዛኑን ይጥላል ብዬ አልጠብቅም። በእጃችን ያለው ግን ጥቅሉ ከመታሸጉ በፊት ያለችው ሰዓት ናት፤ እርሷን እንጠቀምባት።