ከመኪናው በኋላ የሚቀረው ድንጋይ

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በጉንደ ወይንና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የተጓዘ ሰው፣ ጎማው ሥር ድንጋይ፣ ከኋላው ቅጠል ተደርጎለት ዳገት ላይ የቆመ አይሱዙ ሳያይ አይቀርም። የመኪና መበላሸት የአላህ ቀደር ነው፤ ሰበቡን ማድረስ ግን የኛ ኃላፊነት ነው።

መኪናው ሲበላሽ በተቻለ መጠን ቀኝ ዳር እናስይዘው። የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ሁለቱም ፍሬቻዎች ይብሩ። ታኮው ዳገት ላይ ከጎማው ኋላ፣ ቁልቁለት ላይ ከፊት ይግባ። ተሳፋሪዎች ወርደው ከመንገዱ ይራቁ፤ በተለይ ልጆች ከመኪናው ኋላ አይቁሙ። አንጸባራቂው ምልክት ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ብልሽቱ ኩርባ ላይ ከሆነ ከኩርባው በፊት ይሁን። በክረምት ጉምና በሌሊት ቅጠል ብቻውን በቂ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመጨረሻው ነው። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ መንገዱ ላይ ይቀራል። እኛን ያዳነ ድንጋይ ማታ የሚመጣውን ባለ ሞተር ይጥላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን አስተምረውናል። መንገድ ላይ ያገኘውን እሾሃማ ቅርንጫፍ ያነሳን ሰው አላህ እንደማረውም ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ያገኘውን ያነሳ እንዲህ ከተማረ፣ በእጃችን ያስቀመጥነውን ትተን ስንሄድ ለአላህ ምን መልስ አለን?

ሹፌሩም፣ ረዳቱም፣ ተሳፋሪውም ዳግም «ቢስሚላህ» ብለን ከመሳፈራችን በፊት ድንጋዩን እናንሳ። አላህ መንገዳችንን የሰላም ያድርግልን።