ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?

(በምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



መድረክ መሪው «ሐኪምና የቤት ግብይት አማካሪ» ብሎ አስተዋውቆኛል። እግዜር ይስጠው። መቂ ላይ ግን የምጠራው «ዶክተር ደላላዋ» ተብዬ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ስሰማው እሸማቀቅ ነበር። አሁን ግማሹ ከተማ ስልኩ ላይ የመዘገበኝ በዚሁ ስም ስለሆነ ለምጄዋለሁ።

የባቼ ልጆች ታስታውሱኛላችሁ፤ ስስቅ አፌን በእጄ የምሸፍነው ልጅ ነኝ። ዓይን አፋር ሆኜ አልነበረም። ጥርሴ ቡናማ ስለሆነ ነው። መቂ ተወልጄ የጉድጓድ ውሃ ጠጥቼ አደግሁ። ስለ ፍሎሮሲስ የተማርን ቀን መምህራችን የስምጥ ሸለቆን ካርታ ሲሰቅሉ፣ ከነወንበሬ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከተመረቅሁ በኋላ ተመልሼ መቂ ገባሁ። ከባለቤቴ ጋር ዋናው መንገድ ዳር ቤት ተከራይተን ክሊኒክ ከፈትን። ዘጠኝ ዓመት ሠራንበት። ከዚያ የእሱ ኩላሊት ታመመ። የዳያሊስስ ወጪ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም። በ2011 ዓ.ም. አረፈ። ዓመቱን ሳላወጣ አከራያችን ቤቱን ሸጠውና በሦስት ወር ልቀቂ ተባልኩ። ውላችን አንድ ገጽ ወረቀት ነበር፤ የትም አልተመዘገበም። (በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ቢኖርም አያድነኝም ነበር፤ እሱ የሚመለከተው መኖሪያ ቤትን ነው።)

ለምን ተቀጥረሽ አትሠሪም ትሉኛላችሁ። ተቀጥሬ ነበር፤ ስድስት ወር። እሱ ተኝቶበት የነበረውን ዓይነት አልጋ ባየሁ ቁጥር እግሬ ይከዳኛል። አንድ ቀን ራውንድ ላይ እያለሁ የበሽተኛውን ስም ትቼ የባለቤቴን ስም ጠራሁ። በማግስቱ መልቀቂያ አስገባሁ። ይህን በመድረክ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ ድለላ የገባሁት አስቤበት አይደለም። ክሊኒኩን እንደገና ለመክፈት ለስምንት ወር ቤት ፈለግሁ። የክፍሉ ብዛት መስፈርቱን ሲያሟላ ኪራዩ አይቀመስም፤ ኪራዩ ሲስማማኝ ክፍሉ ያንሳል። ለኔ የሚሆን አላገኘሁም፤ መቂ ውስጥ ያላየሁት ቤት ግን አልነበረም። ታዲያ ሰዉ «ዶክተርዬ፣ ካየሻቸው ውስጥ ለኛ የሚሆን ጠፋ?» ማለት ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ባልና ሚስት መምህራን ነበሩ። ኮሚሽን ልጠይቃቸው አፌ እንቢ አለኝ። እነሱ ናቸው በፖስታ አድርገው ልጄ እጅ ላይ ያስቀመጡት። በዚያ ገንዘብ ደብተርና የቤት አስቤዛ ገዛን።

አሁን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። እዚህ ጅማ ሳለን ሲቢቲፒ ተብሎ መጠይቅ ይዘን ቤት ለቤት ስንዞር ትዝ ይላችኋል? መስኮት ስንት ነው፣ መጸዳጃው ከጉድጓዱ ምን ያህል ይርቃል፣ ከብት አብሮ ያድራል ወይ፣ በአንድ ክፍል ስንት ሰው ይተኛል። እኔ ጠልቼው ነበር። «ሐኪም ልሆን ነው ወይስ ቆጣሪ?» እል ነበር። ያንን ስህተቴን እዚህ ላሉት መምህሮቼ ዛሬ አምኛለሁ። አሁን አንድ ቤት ስገባ የማየው ያንኑ መጠይቅ ነው።

መቂን የማታውቋት፣ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ ስትሄዱ ከዝዋይ ሐይቅ በፊት የምታገኟት ከተማ ናት። ቲማቲምና ሽንኩርት ነው ሕይወቷ። በምርት ወቅት የቀን ሠራተኛው ከየአቅጣጫው ይመጣና፣ በየግቢው ጀርባ በተሠራች ሰርቪስ ክፍል ስድስትም ሰባትም ሆኖ ያድራል። ብዙዎቹ ክፍሎች ከበሩ ሌላ አየር መግቢያ የላቸውም። አንዱ ቲቢ ይዞት ሲያስል ቢያድር ምን እንደሚከተል የምታውቁት ነው። እኔ መስኮት የሌለውን ክፍል አላከራይም። አከራዮቹ መጀመሪያ ሳቁብኝ። አንዷ እናት፣ አዴ ብዬ የምጠራት፣ «መስኮት ብከፍት ሌባ ይገባል» አለችኝ። «እማማዬ፣ ሌባው የሚወስደው ፍራሽ ነው፤ በሽታው የሚወስደው ልጅሽን ነው» አልኳት። ፍርግርግ ያለው ትንሽ መስኮት አስከፈተች። ሌሎቹ ተከተሏት ብል ውሸት ነው፤ አንዳንዶቹ ተከተሉ፣ አብዛኞቹ ሌላ ደላላ ጠሩ።

የውሃው ጉዳይ ግን ከሁሉ ይከብደኛል። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ተንኮለኛ ነው። ውሃው ጥርት ያለ፣ የሚጣፍጥ ሆኖ ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በላይ ሊሆን ይችላል። የአንዱ ግቢ ጉድጓድ ደህና ሆኖ የጎረቤቱ አይሆንም። ሰው ደግሞ «አፍልቼ አጠጣለሁ» ይለኛል። ማፍላት ተህዋሲያኑን ይገድላል እንጂ ፍሎራይዱን አያወጣም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይወፍራል። ዋናውን ጥርስ የሚያበላሸው ጥርሱ ድድ ውስጥ ሆኖ በሚሠራበት የልጅነት ዓመታት የተጠጣው ነው። ስለዚህ ጡረታ ለወጣ ሰውና የሁለት ዓመት ልጅ ላላት እናት አንድ ቤት እኩል አይደለም፤ ምንም እንኳ ካርታው፣ ካሬው፣ ዋጋው አንድ ቢሆን።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ግቢ ለሽያጭ ያዝኩ። ሰፊ፣ ማንጎ ያለበት፣ የራሱ ጉድጓድ ያለው። በተለምዷችን 2 ፐርሰንት ኮሚሽን የሚያስገኝልኝ፣ የልጄን የዩኒቨርሲቲ ወጪ የሚሸፍን ቤት ነው። ገዢዎቹ ሕፃናት ያሏቸው ወጣቶች ነበሩ፤ ወደዱት። ቀብድ ሊከፍሉ ሲሉ የባለቤቱ ትልቅ ልጅ ቡና ይዞልን መጣና ፈገግ አለ። የራሴን ጥርስ አየሁ።

ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ቅዱስ ሆኜ አይደለም፤ ገንዘቡ ስላሳሳኝ ነው። ጠዋት ለገዢዎቹ ነገርኳቸው፤ ውሃውን ሳታስመረምሩ ወይም የቧንቧ መስመር ሳይገባ አትግዙ አልኳቸው። ተዉት። ሻጩ «ቤቴን አረከሽብኝ» ብሎ እስከ ዛሬ አያናግረኝም። ቤቱን ሌላ ደላላ ሸጠው።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር ሳላይ ደንበኛ አላገናኝም፦ ካርታ፣ መስኮት፣ ውሃ። ካርታ ያልኩት፣ ከተማው ዳር ከገበሬ በእጅ በእጅ ገዝተው የጨረቃ ቤት ሠርተው የፈረሰባቸውን ስለማውቅ ነው። ውሉንም በጽሑፍ ብቻ አልተወውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ፊት ይሁን ይላል። የኔን አንድ ገጽ ወረቀት እያስታወስኩ እጃቸውን ይዤ እወስዳቸዋለሁ።

የሕክምና ፈቃዴን አሁንም አሳድሳለሁ። ለምን እንደሆነ ልጄ ስትጠይቀኝ እስካሁን ጥሩ መልስ የለኝም።

ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባና ልጨርስ። ዛሬ የመጣሁት ለምሳው ብቻ አይደለም። ከግቢው በር አጠገብ የቆመችው ነጭ ቪትዝ የኔ ናት። ከኋላ ሰባት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አለ፤ እያንዳንዱ ላይ የግቢው ቁጥርና የተቀዳበት ቀን ተጽፏል። ከመምህራኑ ውስጥ ላብራቶሪ በእጃችሁ ያለ፣ ፍሎራይድ የምትለኩልኝ ካላችሁ፣ ከምሳ በኋላ መኪናዋ ጋ እጠብቃችኋለሁ። አምስተኛው ጠርሙስ ይቅደም፤ ሰዎቹ ማክሰኞ ሊፈርሙ ነው።